ክንዱ

«ክንዱ» ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ሊሆን ይችላል። አንደኛው የታወቀው፣ አስቀድመን የተነጋገርንበት ክንድ ነው፤ ጨርቅም እንጨትም የሚለካበት መለኪያ። ሁለተኛው የእሱ፣ የአንድ ሰው ክንድ ነው። ሁለቱ በጽሕፈትም በአነጋገርም አይለዩም፤ ሰሚው ስለ ማን እንደሚወራ ካላወቀ በቀር መለያ የላቸውም። ይህን የሰዋስው ነጥብ በተማሪነቴ አጥንቼ ተፈትኜበታለሁ፤ ጥሩ ማርክም አግኝቼበታለሁ። የገባኝ ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ሱሉልታ ላይ፣ አንድ ያጠረ በር አጠገብ ቆሜ ነው።

ዘመኑ የንጉሡ ዘመን ነው። እኔም ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በምህንድስና ተመርቄ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የመንገድ ንድፍ እሠራ ነበር። የምኖረው ግን ሰበታ ነው፤ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ተከራይቼ ጠዋት በአውቶቡስ እሄዳለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። ከቤቱ ጎን ባለቤቱ ቀድሞ እህል ያስቀምጥባት የነበረች አንዲት ጠባብ ክፍል ተለጥፋለች። ወርዷ ሁለት ሜትር ከዐሥር፣ ርዝመቷ ሦስት ሜትር ከሰባ ሳንቲ ሜትር ነበር። ብዙ ነገር በሚረሳኝ በዚህ ዕድሜዬ እንኳ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በቃሌ እወጣቸዋለሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያች ክፍል የወደድኩት ቤት የለምና።

የእንጨት ሥራ ፍቅር ያደረብኝ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ነው። ደመወዝ ሳገኝ በየወሩ አንድ አንድ መሣሪያ እየገዛሁ ያችን ክፍል የእንጨት ሥራ ቤት አደረግኋት። መሥሪያ ጠረጴዛው በማጠፊያ ከግድግዳው ጋር ተያይዟል፤ ሥራ ሲያልቅ ወደ ላይ ይታጠፋል። እንጨት አጥብቆ የሚይዘው ሞርሳ ብርሃን እንዲያገኝ ከመስኮቱ ሥር ነው። ሳንቃ የሚደርቀው በጣሪያው አግዳሚዎች ላይ ተጋድሞ ነው። ሰጋቱራው በጆንያ እየተጠራቀመ ለጎረቤት ምድጃ ይሄዳል። ወለሉ ላይ ከእኔ እግር በቀር የሚቆም ነገር አልፈቅድም። የቤቱ ሕግ አንድ ብቻ ነበር፤ ሥራ የሌለው ነገር እዚህ አያድርም። ቁራጭ እንጨት ከሦስት ቀን በላይ ጥግ ይዞ ከቆመ ወይ መደርደሪያ፣ ወይ እጀታ፣ ወይ ማገዶ ይሆናል። በዚህ ሕግ ከልክ በላይ እኮራ እንደነበር አሁን አልደብቅም።

አንድ ችግር ብቻ ቀርቶኝ ነበር። ከክፍሏ የሚረዝም ሳንቃ ልልግ ብል መላጊያውን የምገፋበት ቦታ የለም። ስለዚህ የጋራ ግድግዳችንን በሞርሳው ትክክል ስንዝር በስንዝር አድርጌ ለመብሳት ጎረቤቴን ኦቦ ቶሎሳን ፈቃድ ጠየቅሁ። ኦቦ ቶሎሳ በዕድሜ ከእኔ ሃያ ዓመት የሚበልጡ፣ ግማሽ ገበሬ ግማሽ የጤፍ ነጋዴ፣ ከነገሩ ሁሉ ጨዋታውን የሚያስቀድሙ ሰው ነበሩ። ግድግዳውን ለመብሳት ፈቀዱልኝ፤ ቀዳዳውን ግን መቀለጃ አደረጉት። ሳንቃ በዚያ በኩል ብቅ ባለ ቁጥር ኮታቸውን ይሰቅሉበታል። ለእንግዳ ሲያሳዩም የመሐንዲሱ አፍንጫ ነው ይሉ ነበር። በበጎነታቸው ደግሞ ረጅሙን ሳንቃ በወዲያኛው በኩል ደግፈው ይይዙልኛል፤ እኔ በዚህ በኩል እየላግሁ፣ እሳቸው በዚያ በኩል የገበያውን ወሬ እያወሩ፣ ፊት ለፊት ሳንተያይ ስንት ከሰዓት በኋላ አሳልፈናል።

በአንድ የኅዳር ቅዳሜ ኦቦ ቶሎሳ ከወዲያኛው በኩል ግድግዳውን ኳ ኳ አደረጉና የእኅታቸውን ጉዳይ ነገሩኝ። እኅታቸው አዴ ድንቄ ሱሉልታ ይኖራሉ። ባላቸው ኦቦ ዋቅጅራ ካረፉ ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። አንዲቱ ልጃቸው ታደለች በጥር ትዳራለች። ኦቦ ዋቅጅራ በሕይወት ሳሉ፣ ልጄ የምትዳር ቀን በአዲስ በር ትወጣለች ብለው፣ ከገዛ መሬታቸው የጽድ ዛፍ ጥለው ስድስት ሳንቃ አስተርትረው ነበር። ሳንቃዎቹ ከጣሪያው ሥር ደርቀው ሳያበቁ ሰውዬው ቀድመው ሄዱ። አሮጌው በር በስብሷል። አዴ ድንቄ በሩን ለሌላ ሰው አልሰጥም፣ ቶሎሳ ያ በቀዳዳ የሚያወራው ጎረቤትህ ይሥራው ብለዋል። እኔም ደስ ብሎኝ እሺ አልሁ።

በሳምንቱ ስድስቱ ሳንቃዎች አንድ በአንድ በቀዳዳው ገቡ። ሽታቸው ክፍሏን ሞላት። ከሁሉም በኋላ አንድ አጭር በትር ብቅ አለ፤ ከበትሩም ቀጥሎ የኦቦ ቶሎሳ እጅ።

«ክንዱ ይኸውልህ» አሉ። «ቁመቱ አራት፣ ወርዱ ሁለት። ከዚህ አትውጣ ብላለች።»

በትሩን ተቀበልሁ። የወይራ ነው፤ ከመያዝ ብዛት እንደ አጥንት ለስልሷል፤ ባንዱ ጫፍ አውራ ጣት የምታርፍበት ትንሽ ጎድጓዳ ነገር አለው። ፈገግ አልሁ። ለመሐንዲስ ክንድ በበትር ይላካል? ክንድ ኀምሳ ሳንቲ ሜትር መሆኑን ማን ያጣዋል? ከአንድ መጽሐፍ ላይ እንዲሁ ተጽፎ አንብቤው ነበር። ደብተሬን አወጣሁና ጻፍሁ፤ ቁመት ሁለት ሜትር፣ ወርድ አንድ ሜትር። በትሩን ጥግ አስደግፌ አቆምሁት።

ሳንቃዎቹ ከሁለት ሜትር አንድ ስንዝር ያህል ይረዝሙ ነበር። ገበሬ ለጥንቃቄ ብሎ የተወው ትርፍ ነው ብዬ አሰብሁ። ስድስቱንም ቆረጥሁ። ከመቁረጤ በፊት ግን እንደ ልማዴ በየሳንቃው ጀርባ፣ ከሁለቱም ጫፍ፣ በእርሳስ ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር ጽፌ ነበር፤ ሳንቃ እንዳይምታታብኝ ሁልጊዜ የማደርገው ነው። በሩን ባለ ሁለት ተከፋች አደረግሁት፤ ምክንያቱም አንድ ሜትር ወርድ ያለው መዝጊያ በእኔ ክፍል ውስጥ ሊዞር አይችልም። ስድስቱ የስንዝር ቁራጮች ደግሞ ያለ ሥራ ሊያድሩ ስለማይገባ በምስማር አያይዤ የመሣሪያ ሳጥን ሠራሁባቸው፤ ለረጃጅሞቹ ጎኖች ሁለት ሁለት፣ ለዳርና ዳሩ አንድ አንድ። ሳጥኑ በጣም ያማረ ነበር።

በትሩም ሦስት ቀን ጥግ ይዞ ቆመ። በአራተኛው ቀን መሮዎቼን የምሰቅልበት ጠንካራ ኩላብ አስፈለገኝ። ከወይራ የተሻለ የኩላብ እንጨት የለም። በትሩን ሞርሳው ላይ አሰርሁና በሰባት ቆራረጥሁት። ሰባት ቀዳዳ በስቼ በመስኮቱ አናት በአንድ መሥመር ተከልኋቸው። ጎድጓዳዋ ያለችበት ጫፍ የመጨረሻው፣ የቀኙ ኩላብ ሆነች። ወደ ኋላ ፈቀቅ ብዬ አየኋቸውና ጥሩ ተሠራ አልሁ።

ሠርጉ እሑድ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ኦቦ ቶሎሳ ወደ ጫንጮ ገበያ የሚሄድ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አነጋግረው፣ ሁለቱን መዝጊያዎች በጆንያ ጠቅልለን ጫንናቸው። እኔ ሳጥኔን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ መጋዜን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ከኋላ ከበሩ ላይ ተቀመጥሁ። አዲስ አበባን አቋርጠን የእንጦጦን ዳገት ስንያያዝ መኪናው እያቃሰተ ቀስ አለ። ቅዝቃዜው ጀመረ። ኦቦ ቶሎሳ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ሳጥኔን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ።

«ክንዱ እዚህ ውስጥ ነው?»

«የቱ ክንድ?»

«የዋቅጅራ ነዋ። ያለ እሱ እንዳትመጡ ብላኛለች።»

አልገባኝም። እሳቸውም እንዳልገባኝ አይተው ነገሩን ከሥሩ ጀመሩልኝ። ኦቦ ዋቅጅራ ረጅም ሰው ነበሩ። ጎጆ ሲወጡ ክርናቸውን መሬት አስደግፈው፣ ክንዳቸውን በወይራ ቅርንጫፍ ላይ ዘርግተው፣ በመሐል ጣታቸው ጫፍ ቆረጡት። ቤቱንም፣ አልጋውንም፣ ጎተራውንም የሠሩት በዚያ ነው። የሱሉልታ ሴቶች ጨርቅ ሲገዙ ዋቅጅራን ለምነው ይዘው ይሄዱ ነበር፤ በእሳቸው ክንድ የተለካ አቡጀዲ ለአንድ ሕፃን ቀሚስ ትርፍ ያወጣል። የጫንጮ ነጋዴዎች እሳቸው ሲመጡ ሲያዩ ሜትራቸውን ይፈልጉ ጀመር። ኦቦ ቶሎሳ ይህን እየተናገሩ ይስቁ ነበር። ከዚያ ሳቃቸውን ገታ አድርገው፣ ካረፉ ወዲህ በትሩ ከአዴ ድንቄ ራስጌ ተሰቅሎ እንደሚኖር፣ ለዚህ በር ብለው ብቻ ከቤት እንዳወጡት ነገሩኝ።

«ፎቶግራፍ የለውም፤ ተነሥቶ አያውቅም» አሉ። «ያለው እሱ ብቻ ነው።»

በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ነበር የተረዳሁት። የመጀመሪያው፣ በትሩ ሰባት ቦታ ሆኖ ግድግዳዬ ላይ መሮ ተሸክሞ መቆሙ ነው። ሁለተኛው፣ የተቀመጥሁበት በር የማን ክንድ እንደሆነ ባልታወቀ፣ ከመጽሐፍ በተገኘ ክንድ የተሠራ መሆኑ ነው። ያንን በትር አንድ ጊዜ እንኳ በሜትሬ ለክቼው አላውቅም። እስቲ ስንት ይሆናል እያልሁ ሰባቱን ኩላቦች በሐሳቤ ደመርሁ፤ ስንት ስንት አድርጌ እንደቆረጥኋቸው በትክክል አላስታወስሁም። ሚሊሜትር ሲያልፍ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ያን ቀን ቁጥር ከዳኝ። መኪናው ዳገቱን ጨርሶ የሱሉልታ ሜዳ ሲዘረጋልን፣ ምነው ዳገቱ ባላለቀ አልሁ።

አዴ ድንቄ ግቢ ስንደርስ ረፋድ ነበር። ጎረምሶች ዳስ ይተክላሉ፤ ሴቶች ጠላ ያጠላሉ። አዴ ድንቄ ጠይም፣ ቀጥ ያሉ፣ ዓይናቸው የማይቸኩል ሴት ነበሩ። በኦሮምኛ ሰላም ብለውን፣ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ፣ «እርስዎ ነዎት በቀዳዳ የሚያወሩት? ተባረኩ» አሉኝ። አሮጌውን በር ጠዋት አስነቅለውት ነበር። የቤቱ አፍ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የድሮው መቃን እንጨት ተከምሮ አጠገቡ ተቀምጧል።

ሁለቱን መዝጊያዎች ፈተን አቆምናቸው። ከላይ እጅ ሙሉ የሚያሳልፍ ክፍተት ቀረ። በጎንም ቀረ። በሩ የራሱ ያልሆነ ልብስ ለብሶ እንደቆመ ሰው ይመስል ነበር። የዳሱ ጎረምሶች ሥራቸውን ትተው መጡ። አዴ ድንቄ ክፍተቱን ወደ ላይ ለረጅም ጊዜ አዩት።

«የተማረ ሰው ክንድ እንዲህ አጭር ነው እንዴ?» አሉ።

ሁሉም ሳቁ። እኔም ለመሳቅ ሞከርሁ። በሩ ትልቅ ቢሆን ኖሮ በመላጊያ እቀንሰው ነበር፤ ላነሰ በር ግን መላጊያ ምንም አይረዳም። ሳቁ ሲያበቃ አዴ ድንቄ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የዋቅጅራ እንጨት ያ ብቻ እንደነበር፣ ሌላ ጽድ በአንድ ቀን ከየትም እንደማይመጣ ነገሩኝ። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ነገ በአራት ሰዓት ይደርሳል። አባትየው ለልጁ ቃል የገባው ይህን በር ነው። ልጄ ክፍተት ለመሸፈን በተጣፈ ጆንያ ሥር አታልፍም አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ።

«ክንዱን ይስጡኝ። እኔው ልለካው።»

ኦቦ ቶሎሳ ወደ እኔ ዞሩ። ሰበታ ተረስቶ ቀርቶ ይሆናል ብለው ሊሸፍኑልኝ አፋቸውን ሲከፍቱ አየሁ። ዝም ብል ውሸቱ በእሳቸው አፍ ይነገርልኝ ነበር። ቀደምኋቸው።

«በሩ ሲቆም እመልስልዎታለሁ» አልሁ። «ከፀሐይ በፊት ይቆማል።»

አዴ ድንቄ እጃቸውን ሰበሰቡ። «ፀሐይዋን አያታለሁ» ብለው ወደ ጠላቸው ሄዱ።

በሩ እንዴት እንደሚቆም እኔ ራሴ አላውቅም ነበር። ሜትሬን አውጥቼ የቤቱን አፍ ለካሁ፤ ቁመቱ ሁለት ሜትር ከዐሥራ ሰባት፣ ወርዱ አንድ ሜትር ከስምንት ተኩል። ደብተሬ ላይ ጻፍሁት። ከቁመቱ ዐሥራ ሰባት ሳንቲ ሜትር ጎድሎናል። አሮጌው መቃን ለጎኑ ይበቃል፤ በግራና በቀኝ መቃኑን ባወፍረው የወርዱ ጉድለት ይሞላል። የቁመቱ ግን ጽድ ይፈልጋል፤ ያውም የዚያን ዛፍ ጽድ። ዙሪያዬን አየሁ፤ ባሕር ዛፍ፣ ባሕር ዛፍ፣ አሁንም ባሕር ዛፍ። መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ሥራ ለመጀመር ሳይሆን እጄን ሥራ ለማስያዝ ብቻ ሳጥኔን ከፍቼ መሮ ማውጣት ጀመርሁ። ሳጥኑ ባዶ ሲሆን ከውስጠኛው ጎን በእርሳስ የተጻፈ «4» አየሁ።

አራት ቁጥር ሳንቃ። የእኔ ጽሕፈት። ሳጥኑን ገለበጥሁት፤ ሁለት፣ አምስት፣ አንድ፣ ስድስት፣ ሦስት፤ ሁሉም አሉ። የጎደለውን ስንዝር ከሰበታ ድረስ ጭኔ ላይ ታቅፌው መጥቻለሁ።

ምስማሮቹን በጥንቃቄ መንቀል ጀመርሁ። ሙሽሪት ታደለች ከጓደኞቿ መሐል ወጥታ መጣችና ምን እንደማደርግ ጠየቀችኝ። ነገርኋት። ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ክፍል ተምራለች፤ ቁጥሮቹን እያነበበች ቁራጮቹን በመዝጊያዎቹ ራስጌ በየቦታቸው ደረደረቻቸው።

«ሦስት ተገልብጣለች» አለችኝ።

«እንዴት አወቅሽ?»

«መሥመሯ ከታችኛው አይገናኝም።»

እውነቷን ነበር። ቁራጯን ስታዞራት የእንጨቱ ሥር ከታች ካለው ሳንቃ ሥር ጋር እንደ ተቋረጠ ወሬ ቀጠለ። እያንዳንዱ ቁራጭ የወጣበትን ሳንቃ አገኘ።

የቀረው የእጅ ሥራ ብቻ ነው። ጎረምሶቹ ዳሱን ይጨርሱ ዘንድ ግቢው ተይዞ ስለነበር ለእኔ የተረፈኝ በቤቱ ግድግዳና በአጥሩ መካከል ያለ ሦስት እርምጃ መተላለፊያ ነው። ኦቦ ቶሎሳ ለቦታው ጥበት ይቅርታ ጠየቁኝ። ቦታው ግን ልክ የእኔን ክፍል ያህል ነበር፤ በማንኛውም ሰፊ አዳራሽ ከምሠራው ይልቅ እዚያ ተዝናንቼ ሠራሁ። መሮውን ከአጥሩ፣ መጋዙን ከግድግዳው ሰቀልሁ። የዳስ አግዳሚ ጠረጴዛዬ ሆነ። ሳንቃ ሲረዝምብኝ ጫፉን በአጥሩ ቀዳዳ አሳለፍሁት፤ ኦቦ ቶሎሳም ሳይጠየቁ ዞረው ከወዲያ በኩል ያዙልኝ። ኮታቸውን አልሰቀሉበትም፤ ወሬም አላወሩም። አንድ ጊዜ ብቻ በአጥሩ ውስጥ፣ ቀስ ብለው፣ «ቆርጠኸዋል፣ አይደል?» አሉኝ።

«ቆርጬዋለሁ።»

ሳንቃውን መያዛቸውን አልተዉም።

ከአሮጌው መቃን ሁለት ጠንካራ አግዳሚ አውጥቼ ቁራጮቹን ከየሳንቃቸው ጋር ከጀርባ አያያዝሁ። ትርፉን ቆረጥሁ፣ መቃኑን አወፈርሁ፣ በቱንቢ አስተካከልሁ፣ ማጠፊያውን መታሁ። ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ሌላ ሥራም በመሐል ሠርቻለሁ። የቤቱን አፍ ቁመት ለአራት አካፈልሁት፤ ኀምሳ አራት ከሩብ ወጣ። ወርዱን ለሁለት አካፈልሁት፤ እንደዚያው ኀምሳ አራት ከሩብ። ሰውዬው እንደ እኔ ዓይነት ሰው ነበሩ ማለት ነው፤ በልካቸው ቀልድ አያውቁም። ከአሮጌው በር መቀርቀሪያ፣ እሱም ወይራ ነበር፣ ያንን ያህል ቆርጬ ላግሁት፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስሁት፣ ኪሴ ውስጥ ከተትሁት።

ፀሐይዋ ከሜዳው ጫፍ አንድ ክንድ ያህል ሲቀራት በሩ ቆመ። የማን ክንድ እንደሆነ አትጠይቁኝ። ሁለቱ መዝጊያዎች ያለ ድምፅ ተከፈቱ፣ ያለ ድምፅ ተዘጉ። ከላይ፣ ስንዝር ዝቅ ብሎ፣ በስድስቱም ሳንቃዎች ላይ አንድ ቀጭን መሥመር ይታያል። መጋዜ የበላው ነው፤ ሦስት ሚሊሜትር። እሱን የሚመልስ ጥበብ የለም።

አዴ ድንቄ መጡ። በሩን ከፈቱ፤ ዘጉ። መዳፋቸውን በመሥመሩ ላይ አሳለፉ። ከዚያ ዞረው ጠበቁኝ።

በኪሴ የነበረውን ወይራ አወጣሁና ሰጠኋቸው። ተቀብለውኝ ወዲያው ወደ ውስጥ ገቡ። ከደጃፉ ሆኜ አየኋቸው። በትሩን በአልጋው ጠርዝ ላይ አራት ጊዜ አስተኙት፤ ልክ ሆነ። ወደ ጎተራው ሄደው እንደገና ለኩ፤ ልክ ሆነ። ሲመለሱ በትሩን በአውራ ጣታቸው ጫፉን እየደባበሱ ነበር፤ ጎድጓዳዋን ይፈልጋሉ።

«ልኩ ልክ ነው» አሉ። «እሱ ግን አይደለም።» ቀጥሎም ለታደለች በኦሮምኛ፣ «ሃርኪ ኢሳ ኤሳ ጅራ?» አሏት። ያችን ያህል አውቅ ነበር። እጁ የት አለ ማለታቸው ነው።

ታደለች ወደ እኔ አየች። እኔም ነገርኋቸው። በትሩ መለኪያ ብቻ መስሎኝ እንደነበር፣ ሦስት ቀን ሥራ ፈትቶ መቆሙን፣ በሰባት መቁረጤን፣ ኩላብ ማድረጌን፣ አንድም ሳላስቀር ተናገርሁ። ማለዘቢያ ቃል ፈልጌ አጣሁ። ኦቦ ቶሎሳ መሬት መሬት ያያሉ።

አዴ ድንቄ ከጠዋት ጀምሮ «እርስዎ» ሲሉኝ ነበር የዋሉት።

«ሳትጠይቅ?» አሉኝ። «ሰው ያሳደገህ አይደለህም?»

ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። ከዳሱ በኩል የአንድ ጎረምሳ ሳቅ ተሰማ፤ ወዲያው ዝም አሰኙት።

«ምን ተሸክሟል?» አሉ በመጨረሻ።

«ማን?»

«ክንዱ ነዋ። ምን ሰቀልህበት?»

መሮዎች፣ ትንሹን መጋዝ፣ ስኳድራውን፣ መዶሻውን ብዬ ዘረዘርሁ። እያንዳንዱን በጥሞና ሰሙ።

«እህ» አሉ። «እሱም መቀመጥ አይወድም ነበር።» ከዚያ በሩን በሰፊው ከፈቱና፣ «ግባ። እህል ሳትቀምስ ነው የዋልኸው» አሉኝ።

በማግሥቱ ታደለች በሁለቱ መዝጊያዎች መካከል ወጣች። እናቷ ከኋላዋ ቆመው እልል ሲሉ፣ ዓይናቸው ልጃቸው ላይ ሳይሆን ከላይ ያለችው መሥመር ላይ እንደነበር አይቻለሁ።

ጥር አልፎ የካቲት ሲጋመስ፣ በአንድ ቅዳሜ፣ አዴ ድንቄ ወንድማቸውን ሊጠይቁ ሰበታ መጡ። ኦቦ ቶሎሳ በቀዳዳው ጠሩኝ፤ በሩን ከፈትሁላቸው። ከዚያች ክፍል ሁለት ሰው በግድ ይቆማል። ሰባቱን ኩላቦች ከግራ ጀምረው አንድ በአንድ ነኩ፤ መሣሪያ ያለባቸውን መሣሪያውን ገለል እያደረጉ። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ አውራ ጣታቸው ጎድጓዳዋ ውስጥ ገባች። ቆሙ።

«ስድስቱ ይሥሩ» አሉኝ። «ይህቺን ስጠኝ።»

የተሰቀለባትን መዶሻ አውርጄ ኩላቧን ነቀልሁ። በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯት። ሲወጡ ከደጃፌ ላይ ዞረው፣ የዶሮ ማደሪያ እንድሠራላቸው አዘዙኝ፤ ወርዱ ሦስት፣ ቁመቱ ሁለት።

«በማን ክንድ?» አልኋቸው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው። «አሁን ተምረሃል» አሉ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አንዳንዶቻችሁ በጓዳችሁ ወይም በበረንዳችሁ ጥግ እንጨት የምትሠሩ ትሆናላችሁ። ስለ ጠባብ ቤት የማውቀውን ብትጠይቁኝ ብዙ እነግራችኋለሁ፤ የሚታጠፍ ጠረጴዛ ሥሩ፣ ወለሉን አታስይዙ፣ ግድግዳ የሚያስበሳ ደግ ጎረቤት ካላችሁ አክብሩት፣ ቁራጭ አትጣሉ፣ ከመቁረጣችሁ በፊት በሁለቱም ጫፍ ቁጥር ጻፉ። ይህ ሁሉ ዛሬም ይሠራል። ከዚያች ቀን በኋላ የጨመርሁት ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወደ ቤቴ የገባን ነገር ሥራ ከመስጠቴ በፊት፣ ቀድሞ የማን ሥራ ላይ እንደነበር እጠይቃለሁ። በመሥሪያ ቤቴም እንደዚያው። መንገድ በንድፍ ስስል ከካርታው ላይ የማይታይ ስንት ድንበር፣ ስንት ዛፍ፣ ስንት የሰው ክንድ እንዳለ ለመጠየቅ ወርጄ በእግሬ እሄድ ጀመር። አለቆቼ ዘገምተኛ ይሉኝ ነበር። አልተቀየምኋቸውም።

ኦቦ ቶሎሳም አዴ ድንቄም ካረፉ ብዙ ዓመት ሆነ። ከሰበታዋ ክፍል ወዲህ ሦስት ቤት ቀይሬአለሁ፤ በየቤቱ ከሁሉ አስቀድሜ የምተክለው ስድስቱን ኩላቦች ነው። ስተክል ግን ሁልጊዜ ሰባት ቀዳዳ እበሳለሁ። ሊጠይቀኝ የሚመጣ ሰው የቀኙን ቀዳዳ አይቶ፣ ይህቺ ባዶ ቀረች፣ ኩላብ አጥተህላት ነው ወይ ይለኛል። የልጅ ልጄማ አንድ ቀን እርሳስ ሰክታበት አገኘሁ፤ ቀስ ብዬ አወጣሁት። ሥራ የሌለው ነገር በማያድርበት ቤቴ፣ ያለ ሥራ እንዲኖር የፈቀድሁለት እሱ ብቻ ነው።